የጎማ ቤት ቀልደኞች

ነገሩ የተጀመረው የከተማው አውቶቡሶች ነዳጅ አጥተው ዴፖ ውስጥ ተኮልኩለው በከረሙበት ዘመን ነው። ሾፌሮቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ሥራ የለም። ቤታቸው እንዳይሄዱ አለቃ አለ፤ እንዳይነዱ ነዳጅ የለም። ስለዚህ ፀሐዩን ሸሽተው አሮጌ ጎማ የሚከማችበት መጋዘን ይገቡና ጎማ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያሙ ይውላሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ድምፁ ከአውቶቡስ ክላክስ ይበልጣል ተብሎ ጥሩምባ የሚል ስም የወጣለት ሾፌር፣ አንድ ቀን ሐሜቱ ሲሰለቸው ብድግ ብሎ ተሳፋሪ መሆን ጀመረ። አውቶቡስ አስቁማ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃ፣ ሲነገራት «እሱን ማን ጠየቀህ» ብላ የምትቆጣውን ሴትዮ ሆነ። ተኝቶ ፌርማታው ያለፈውና ጥፋቱን በሾፌሩ የሚያሳብበውን ሰውዬ ሆነ። ሾፌሮቹ በሳቅ ከጎማው ላይ ተንከባለሉ።

ታናሽ እህቱ እዚያው ዴፖ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ሚጢጢ ይሏታል። ምሳውን ይዛለት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ሳታስበው «ትኬት፣ ትኬት፤ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ» ብላ ገባችበት። ወንድሟ ዞር እንኳን ሳይል «ቅድም ቆርጠሽልኝ የለም እንዴ እመቤት?» አላት። ከዚያ እሱ ሲወረውር እሷ ስትቀበል፣ ምሳው ቀዝቅዞ ቀረ።

ነዳጁ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል ብለው ነበር። አልቆመም። የዴፖው ረጅም መካኒክ ከተጋጨ አውቶቡስ የፊት መብራት ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለና መድረኩ በራ፤ እሱም አብሯቸው ይጫወት ጀመር። አሮጌ የአውቶቡስ ወንበሮች ተደርድረው ለተመልካች ሆኑ። መጀመሪያ የሾፌር ሚስቶችና ልጆች መጡ፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው፤ ቆይቶ ስማቸውን ሰምቶ ከከተማው ማዶ የሚመጣ ሰው። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ የጎማ ቤት ቀልደኞች ይጫወታሉ። ግማሹን ጊዜ አጥንተው የመጡትን አጫጭር ጭውውት ያሳያሉ። ሌላውን ግማሽ «ድንገቴ» ይሉታል፤ ተመልካቹ አንድ ቃል ይወረውራል፣ እነሱ እዚያው ፈጥረው ይጫወቱታል። በድንገቴ ጥሩምባን የሚያህለው አልነበረም። እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ፤ ያኔ ጭን ላይ ተቀምጠው ያዩ የነበሩ ልጆች የራሳቸውን ልጅ ይዘው መጡ፤ የጥሩምባም ፀጉር ሸበተ።

ፍርሃት ወደዚያ ቤት የገባው በሳቅ መሀል ነው።

አንድ እሑድ ከኋላ ወንበር አንዱ «ጥርስ ሐኪም» ብሎ ጮኸ። ሚጢጢ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። ወንድሟ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ አገጯን ያዘ። እጁ በረዶ ነበር። ፊቷን ትክ ብሎ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አንቺ ማነሽ?» አላት።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሚጢጢ «ቀጠሮ ያለኝ ነኝ ዶክተር» ብላ መለሰች፤ እስከዚያ ድረስ ጨዋታ መስሏታል። እሱ ግን ዞር ዞር ብሎ መብራቱን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ የያዘውን አገጭ አየ።

«እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሐኪሙ እንዲህ ሲል ሰምቶ የማይስቅ ተመልካች የት ይገኛል? ሰው ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። ሚጢጢ ግን የወንድሟን ዓይን ታውቀዋለች። ሲጫወት ግራ ቅንድቡ ሳይታወቀው ከፍ ትላለች፤ ከዓይኑ ሥርም አንድ ተንኮለኛ ልጅ ያደፈጠ ይመስላል። ያን ቀን ቅንድቡ አልተነሳችም። ዓይኑ ውስጥም ማንም አልነበረም። እንደምንም ተነስታ «ዶክተር፣ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ እንጂ» ብላ ክንዱን ይዛ ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰደችው፤ ጭብጨባው እስከዚያ ተከተላቸው።

ጎማ ላይ አስቀምጣ ውሃ ሰጠችው። ጠጣና ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተመለሰ። «ዛሬ ደህና ሳቁ፣ አይደል?» አላት ደስ ብሎት። ስለ ጥርስ ሐኪሙ ስትጠይቀው የምን ጥርስ ሐኪም ብሎ በተራው ጠየቃት።

በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ ሰኞ ደግሞ ጥሩምባ በሰው ጢም ያለ አውቶቡስ ይነዳል።

ሚጢጢ በዚያ ጊዜ ከአውቶቡስ ላይ ወርዳ ዴፖው በር አጠገብ ባለች የትኬት መስኮት ትሠራ ነበር። ያን ቀን ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። የእሱ አውቶቡስ በወጣ ቁጥር ልቧ አብሮት ይወጣል፤ እስኪመለስ አይመለስም። አምቡላንስ ሲያልፍ ትኬት መቁረጧን ትታ በመስኮቱ አንገቷን ታወጣለች። አለቃው ስልክ ሲያነሱ ጆሮዋን ትጥላለች። ማታ ላይ ወንድሟ ኮፍያውን አዙሮ ደፍቶ እያፏጨ ሲገባ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም እንደዋለች ሁሉ ትከሻዋ ተሰብሮ ነበር።

የምትነግረው ሰው ፈልጋ መካኒኩ ጋ ሄደች። አውቶቡስ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ጎንበስ ብላ የሆነውን በሹክሹክታ ነገረችው። መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ እሱም ያየውን ተነፈሰ። ሰሞኑን አንድ ቀን ጥሩምባ አውቶቡሱን ይዞ ከግቢው ጀርባ ሄዶ ቆሟል፤ ድሮ ማጠቢያ የነበረበት ቦታ ላይ። ማጠቢያው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ አሁን ሣር በቅሎበታል። መካኒኩ ሄዶ ምን እንደሚጠብቅ ሲጠይቀው፣ አጣቢዎቹን፣ ዛሬ ምን ነካቸው ብሎታል። መካኒኩ ቀልድ ነው ብሎ ስቆ ነበር። ስቆ ሲያበቃ ወንድሟ አብሮት አለመሳቁን አየ።

«ለአለቃ እንንገር?» አለች ሚጢጢ።

«ከነገርን ያን ቀን ቁልፉን ይቀሙታል። መሪ ሲይዝ ያደገ ሰው ነው፤ ያለ መሪ ምን ይሆናል? ቤቱስ በምን ያድራል?» መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እስኪለይለት ፍሬኑን እኔ አያለሁ። ሰውየውን አንቺ እዪ።»

የማይረባ ስምምነት መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ግን ሰው ሲፈራ ግማሽ ነገር ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ መካኒኩ በየማለዳው የጥሩምባን አውቶቡስ ከሁሉ አስቀድሞ ይፈትሻል፤ ሚጢጢም ፈረቃዋን ቀያይራ ባገኘችው ሰዓት ሁሉ ትሳፈራለች። ከወንድሟ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ማጅራቱን ስታይ ትውላለች። እሱ በስፖኪዮ አይቷት፣ ቤት የለሽም ወይ፣ እንደ ፌስታል የትም የትም ትከተዪኛለሽ እያለ ይቀልድባታል። ብዙውን ቀን ደህና ነው። ደህና የሆነበት ቀን ይበልጥ ያስፈራታል፤ ክፉው ቀን ነገ ነው ማለት ነዋ።

የወንድሟ ሚስት ጋም ሄደች። ሴትዮዋ የሥራ ሸሚዙን ስትተኩስ አገኘቻት። ሚጢጢ ነገሩን ጀምራ ሳትጨርስ፣ ደክሞት ነው፣ ሰው ሲደክመው ይረሳል ብላ አቋረጠቻት። ሸሚዙን ገልብጣ ተኮሰች፤ መልሳ ያንኑ እጅጌ ተኮሰች። በመጨረሻ ካውያውን አቁማ ጠዋት ጠዋት ግቢው መሀል ቁልፉን ይዞ እንደሚቆም፣ በሩ የት እንደሆነ እንደሚጠፋው አመነች። እጁን ይዛ እስከ በሩ ታደርሰዋለች። ከበሩ ወዲያ እግሩ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። «ለሰው እንዳትነግሪ» አለች። «ባሌን በቁሙ እንዳትቀብሪብኝ።»

በዚህ መሀል የጎማ ቤቱ ሰው አልበቃው አለ። ጥሩምባ ሰሞኑን ለየለት እየተባለ በየሰፈሩ ይወራል። ሕዝቡ ቆሞ ማየት ጀመረ። ጥሩምባ መድረክ ላይ ሳለ የገዛ እጁን እንደ ሰው እጅ ሲያየው ይስቃሉ፤ የሞተች እናቱን ሲጣራ ይስቃሉ፤ በጨዋታ መሀል ዝም ብሎ ሲቆም ለዝምታውም ይስቃሉ። ሚጢጢ ዕድሜዋን በሙሉ ሳቅ ስትለምን የኖረች ሴት፣ ሳቅ መፍራት ጀመረች። መንገድ ላይ ልጆች ሲስቁ እንኳን ደንግጣ ዞር ትላለች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሆነ። መስመሩ ከሆስፒታሉ ዳገት ተነስቶ ወደ ድልድዩ የሚወርደው ነው። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ቆሞ የሚሄደውም ብዙ ነው። ሚጢጢ የዘወትር ወንበሯ ላይ ነበረች። ቁልቁለቱ መሀል፣ ፌርማታ በሌለበት ቦታ፣ አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ቆመ። ሞተሩ ይሠራል። ከኋላ ያሉ መኪኖች ክላክሳቸውን ለቀቁት። ጥሩምባ መሪውን ለቆ ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ አውቶቡስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ያላወቀው የለማ፤ ጥሩምባ ነው። አንድ ጎልማሳ «እኛማ አንተን አምነን ነው የተሳፈርነው» አለ፤ ሳቁ ጨመረ። ቲማቲም የታቀፉ አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሚጢጢ ቅንድቡን አየች። አልተነሳችም።

እሱም የሰውን ሳቅ ሲሰማ ይበልጥ ተሸበረ። ሊወርድ ፈልጎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ብድግ ሲል እግሩ ፍሬኑን ለቀቀ፤ አውቶቡሱም ያን ሁሉ ሰው ይዞ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ።

የቆሙት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊቱን አያዩም። ሚጢጢ አየች። ታች ድልድዩ አፍ ላይ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ያቋርጣሉ። ሰው እየገፋች ጋቢናው ጋ ደረሰችና «ጋሼ፣ ፍሬን ያዝ» ብላ ጮኸች። ወንድሟ እንደማያውቃት ሴት አያትና ወደ በሩ ሸሸ። የማታውቀው ሴት ብትጮህበት ማን አይሸሽም? መሪው ብቻውን ተንቀጠቀጠ። ከኋላዋ ሰው አሁንም ይስቃል።

እዚያ ላይ ምን እንደመራት ኋላም ልትናገር አልቻለችም። ድምጿን ለወጠች። ደረቷን ነፍታ፣ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ በቀዝቃዛ የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ፣

«ተፈታኝ፣ ማን ይነሱ አለዎት? የመንጃ ፈቃድ ፈተናው አላለቀም» አለችው።

ጥሩምባ ቆመ። መድረክ ላይ ባልደረባው ንጉሥ ነህ ካለው ንጉሥ ነው፣ ሌባ ነህ ካለው ሌባ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የገባ ልማድ ነው። ግራ እንደተጋባ «ይቅርታ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቀኝ እግር ፍሬን ላይ።»

ረገጠ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንገዳገደ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወደቀ፤ ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ሞተር ያጥፉ። ቁልፉን ለፈታኝ ያስረክቡ።»

የተባለውን ሁሉ በየተራ አደረገ። ቁልፉን መዳፏ ላይ ሲያኖር እንደ ልጅ ፈራ ተባ እያለ «አለፍኩ?» አላት።

«አልፈዋል» አለች።

ተሳፋሪው አጨበጨበ። ሕፃናቱ ምንም ሳያውቁ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ፊት እየተንጫጩ ተሻገሩ።

አውቶቡሱ ተበላሽቷል ብላ ሰዉን አስወረደች። እየሳቁ ወረዱ፤ ጥቂቱ ከሥራ መቅረቱ ነው ብሎ አጉረመረመ። አሮጊቷ ቲማቲማቸውን ለቃቅመው፣ ወጣቶቹ ደግፈዋቸው ሲወርዱ፣ ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ስቀው እንደማያውቁ ነግረው መረቋት። ሚጢጢ አሜን አለች። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከኋላዋ የወንድሟ የራሱ ድምፅ መጣ። ተሳፋሪው የት እንደሄደ ጠየቃት። አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«ልጆች ነበሩ?» አለ በመጨረሻ።

«ነበሩ።»

እጁን መሪው ላይ አኖረ፤ ወዲያው እሳት እንደነካው ሰብሰብ አደረገው።

«ታውቅ ነበር እንዴ ጋሼ?»

«ሰው የገዛ ራሱ ሲያመልጠው እንዴት አያውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቤት ስጠፋ ሚስቴ ታለቅሳለች» አለ። «መንገድ ላይ ስጠፋ ላብ ያጠምቀኛል። መድረክ ላይ ግን ማናችሁም የት እንዳላችሁ አታውቁም። እዚያ ስሆን የጠፋሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ይህን ካጣሁ ብዬ ፈራሁ፣ ሚጢጢ።»

በዚያው ቀን መካኒኩ ተጠርቶ አውቶቡሱን ዴፖ ካስገባው በኋላ እህትና ወንድም አብረው ስምሪት ክፍል ገቡ። ጥሩምባ ራሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለአለቃው ከእንግዲህ መንዳት እንደሌለበት፣ መንገዱም ሰዉም እንደሚጠፋበት ተናገረ። አለቃው በየእሑዱ ከማይጠፉት ተመልካቾች አንዱ ነበሩ። ሳቁ። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው ሳቁ። ወንድምና እህት ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ሳቁ ቀስ እያለ ከአለቃው ፊት ላይ ሲወርድ ማየት ለሚጢጢ ከቁልቁለቱ አይተናነስም ነበር።

ሆስፒታል ሲወስዱት ያየችው ሐኪም የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ እንደሚብስ እንጂ እንደማይመለስ ነገረቻቸው። በቤተሰቡ እንዲህ የታመመ ሰው እንዳለ ስትጠይቅ ሚስትየዋ የለም አለች። ሚጢጢ ግን አባታቸውን አስታወሰች። አንድ ጠዋት ከቤት ወጥተው ሩቅ ሰፈር ከሰው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር የተገኙት፤ አርጅተው ነው ተብሎ ታለፈ። ይህን ስትናገር ሐኪሟ ዓይኗን ከጥሩምባ ላይ አንስታ እሷን አየቻት። ያየቻት ለአንድ አፍታ ነው፤ አፍታውን ግን ሚጢጢ ይዛው ወጣች።

የጎማ ቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ጥሩምባ መድረክ ይውጣ አይውጣ ብለው ተከራከሩ። መካኒኩ ከሁሉ ተለየ፤ አውቶቡሱን አጣ፣ መድረኩን ከነጠቅነው ገደልነው ማለት ነው አለ። ጥሩምባም ለመናቸው። አንድ እሑድ ፈቀዱለት። ሕዝቡ ገና ሲወጣ አጨበጨበለት፤ እሱ ግን ጭብጨባው ከየት እንደሚመጣ ጠፋውና ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መድረኩ ላይ ቁጢጥ አለ። ሳቁ። እሱ ማልቀስ ጀመረ፤ ሰዎቹ የባሰ ሳቁ። ፊት ወንበር ላይ የነበረች አንዲት ሴት መጀመሪያ ሳቋን አቆመች። ከዚያ አጠገቧ ያለው፣ ከዚያ የሁለተኛው መስመር፣ እንዲያ እያለ ዝምታው ወደ ኋላ ተጓዘ፤ በመጨረሻ የሰቀሉት መብራት ሲያንሿሽሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ሚጢጢ ወጥታ ጎኑ ቁጢጥ አለች፤ እጁንም ያዘች። ከዚያ ቀን በኋላ ጥሩምባ መድረክ አልወጣም።

ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ተዘጋ። ይቀራል ተብሎ ነበር። ኋላ አንድ እሑድ መካኒኩ ማንንም ሳያማክር መብራቱን አብርቶ ተገኘና ሰው ገባ፤ አዳዲስ ልጆችም ተጨመሩ። ጥሩምባ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ከተመልካቹ መሀል ይቀመጣል። አንዳንዴ ሰው ሳይስቅ ይስቃል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በቅርቡ ሚጢጢና መካኒኩ ድንገቴ ላይ ሳሉ፣ ጥሩምባ ድምፁን ሳይቀንስ ሚስቱን «ይቺ ሴት ማናት? ጎበዝ ናት» ሲል ተሰማ። እህትህ ናት አለችው። «እህቴማ ትንሽ ልጅ ናት» አላት በርግጠኝነት።

ሚጢጢ ሰማችው። ሰምታም ቀና ስትል ሕዝቡ የወረወረው ቃል ጠፋት። አሁን ነበር፤ የለም። ስንቴ ደርሶባታል፣ በተዋናይ ሁሉ ይደርሳል፤ ፈገግ ብለው ቆም ይሉና ይመጣል። ሰው ሳቀ። ግን መካኒኩን ስታየው እሱም እያያት ነበር፤ ከለመደችው ረዘም አድርጎ፣ ዓይኗን ሳይሆን ከዓይኗ ኋላ ያለውን። እሷ ወንድሟን ታይ የነበረው ልክ እንደዚያ ነበር። አንድ ነገር ተናገረች፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ሲያበቃ መካኒኩ መብራቱን እያጠፋ ደህና መሆኗን ጠየቃት። ደህና ነኝ አለችው።

ገና ሳይመሽ አውቶቡስ ተሳፍራ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ከፊቷ ያሉትን ፌርማታዎች በየተራቸው ጠራች፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ እንጨት ተራው፣ የእሷ ሰፈር። አንድም አልቀረም። አውቶቡሱ ከወፍጮ ቤቱ ተነሳ። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።